ላሟ የበላችው ሁሉ ወተት አይሆንም

የገና ዋዜማ ነበር፤ ጃንዩወሪ 6 ቀን 2025። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥራቸው፤ ወሬው የፈረንጅ ነውና።) ለንደን፣ ሃርልስደን ውስጥ፣ ከኢዮቤልዩው የሰዓት ማማ ብዙ በማይርቅ ቤት፣ የእትዬ ማዕድ ቤት ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ቁሌቱ ከጠዋት ጀምሮ እሳት ላይ ነው፤ ዶሮው ታጥቦ በሎሚ ተዘፍዝፏል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባለ አራት ፓይንት የወተት ጠርሙሶች ቆመዋል። ክዳናቸው ሰማያዊ ነው፤ ስቡ አልተገፈፈም ማለት ነው። ለአይብ ነው የተገዙት። ግን አልተከፈቱም።

«እስቲ አንተ ተማርኩ የምትለው፣» አሉኝ እትዬ፣ ስልካቸውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ይህን እየውና ንገረኝ። ልጣደው ወይስ ልድፋው?»

ስልኩ ላይ አንድ ጎረምሳ ሙሉ ጠርሙስ ወተት የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ያንቆረቁራል። ከሥሩ በአማርኛ «ወገኖቼ፣ ኬሚካል እያጠጡን ነው!» ተብሏል።

ወሬው ከተነሣ ስድስት ሳምንት ሊሆነው ነው። እትዬ ያን ሰሞን ደንታም አልሰጣቸው። ጾመ ነቢያት ገና መግባቱ ነበር፤ ወተት ተመረዘ ቢሏቸው ምን ገዷቸው። ነገ ግን ፍስክ ነው፤ ዶሮ ያለ አይብ ደግሞ እሳቸው ቤት አይታሰብም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖቬምበር 26 ቀን 2024 አርላ የተባለው የወተት ድርጅት ከቴስኮ፣ ከሞሪሰንስና ከአልዲ ጋር ሆኖ፣ 30 በሚያህሉ የብሪታንያ እርሻዎች ላይ ቦቬር የሚባል የመኖ ማሟያ ልሞክር ነው ብሎ አስታወቀ። አርላ የዴንማርክ፣ የስዊድን፣ የብሪታንያና የሌሎች አገሮች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ እትዬ ለንጥር ቅቤ የሚገዙት ሉርፓክም የእሱ ነው። ቦቬር ደግሞ ላሟ ስታገሳ የሚወጣውን ሚቴን ጋዝ የሚቀንስ ዱቄት ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሰው ወተት እየደፋ ራሱን ይቀርጽ ጀመር። ቢል ጌትስም እንደ ልማዱ ተጠራ። እሱ ገንዘብ ያስገባው ሩሚን8 በሚባል የአውስትራሊያ ኩባንያ ነው፤ ቦቬርን የሚሠራው ዲኤስኤም-ፈርመኒሽ ሌላ ድርጅት ነው። ግን ወሬ ይህን ሲለይ አይገኝም።

«ቆይ ቆይ፣» አሉኝ። «መጀመሪያ ይሄ የላም ቅመም ምን ያደርጋል? ሆዷ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?»

ለእትዬ ማስረዳት ቀላል ነው። ያደጉት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው፤ ጠላ ጠምቀው፣ ላም አልበው ያውቃሉ። እሱን ለሚያውቅ ሰው ግማሹ ሥራ አልቋል።

የላም ሆድ ጋን ነው። ትልቁ ጨጓራ፣ ለዱለት ስናጥበው ፎጣ የሚመስለው ማለቴ ነው፣ በአንዲት ትልቅ የፈረንጅ ላም ውስጥ 150 ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል። ሙቀቱ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየር እምብዛም አይገባውም። ጋን ተለቅልቆ ከተከደነ በኋላ እንደሚሆነው ውስጡ ቀንና ሌሊት ይብላላል። ልዩነቱ ይህ ጋን ተጠልሎ አያልቅም፤ ከላይ እየተጨመረበት ከታች እየተቀነሰለት ዕድሜ ልኩን ይፈላል።

ሣሩን የምትፈጨው ላሟ ናት እንላለን እንጂ እሷስ አትችልም። ጭዱን የሚሰባብረው ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖረው ሠራዊት ነው፤ ባክቴሪያ፣ ሻጋታ መሳይ ፍጥረት፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታይ ብዙ ዓይነት ነፍስ። እነሱ ሣሩን በልተው የሚተርፋቸውን አሲድ ለላሟ ይለቁላታል። ከአሲዶቹ አንዱ አሴቴት ነው፤ ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያደርገው ያው ነው፤ ከእሱ የወተቱ ስብ ይሠራል። ሌላው ፕሮፒዮኔት ይባላል፤ ጉበቷ ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳሩ ጡቷ ውስጥ ላክቶስ ይሆናል፤ ላክቶሱ ውኃ ይስብና ወተቱ ይበዛል። ስለዚህ «ይህች ላም ስንት ሊትር ትሰጣለች?» ብሎ መጠየቅ ግማሹ «ጋኗ ውስጥ ምን ያህል ፕሮፒዮኔት ተጠመቀ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ቅመም የሚገባውም እዚህ ጋ ነው። ጥንስስ ውስጥ ጌሾ ለምን ይገባል? ማንም ጌሾ ሊጠግብ አይጠምቅም። ጌሾ መራራ ነው፤ የማይፈለገውን ተሕዋስ አደካክሞ እርሾው ሥራውን እንዲሠራ መንገድ ይሰጠዋል። የላም መኖ ማሟያ አብዛኛው እንዲሁ ነው። ላሟን አይመግብም፤ ጠመቃውን ያስተካክላል።

እዚህ አገር ለምሳሌ ሶዳ አለ፤ ኬክ ውስጥ የሚገባው ያው ሶዳ። ላሟ እህል ሲበዛላት ጠመቃው ይፈጥናል፤ አሲዱ ይበዛል፤ ጭድ የሚበሉት ተሕዋስያን ይዝላሉ፤ የወተቱ ስብ ይወርዳል፤ ላሟም መብላት ትተዋለች። ተፈጥሮ ለዚህ መድኃኒት ሰጥቷታል፤ እሱም ምራቋ ነው። በቀን ከ100 ሊትር በላይ ታመነጫለች፤ ምራቁ ራሱ ሶዳ አለበት። ግን ምራቅ የሚመጣው ስታመሰኳ ነው። መኖው የላመ ዱቄት ከሆነ ምን ታመሰኳለች? ስለዚህ ገበሬው 150፣ 200 ግራም ሶዳ በየቀኑ ይቀላቅልላታል። እርሾም ይሰጧታል፤ ከዳቦው እርሾ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ ጋኑ ውስጥ የሾለከችውን ጥቂት ኦክስጅን ጠጥቶ አየር ለማይወዱት ቤቱን ያመቻችላቸዋል።

«እኛም እኮ እንሰጥ ነበር፣» አሉ እትዬ። «አሞሌ ትልስ ነበር። አተላ ደግሞ ከጠላው ቤት በባልዲ እናመጣላት ነበር። አተላ የጠጣች ዕለት ወተቷ ሌላ ነው።»

እውነታቸውን ነው። አተላ ውስጥ የእርሾ ሬሳ ሞልቷል፤ ፕሮቲን ነው። ለንደንም አተላ አብልታ ነው ያደገችው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ላሞች ጠባብ በረት ውስጥ ታጉረው ከቢራ ጠማቂዎች በሚወጣ የብቅል አተላ ይኖሩ ነበር። ከዚህ ቤት በእግር የሚደረስበት ፓርክ ሮያል ከ1936 እስከ 2005 ድረስ የጊነስ መጥመቂያ ነበረበት። የቢራ አተላ ዛሬም የእንግሊዝ ላሞች መደበኛ ምግብ ነው፤ የብስኩት ስባሪም እንደዚያው። እዚህ ሰፈር ከ1902 ጀምሮ የማክቪቲስ ብስኩት ፋብሪካ አለ፤ ነፋሱ ሲያመቸው መንገዱ በሙሉ የጋለ ብስኩት ይሸታል። እኔ እንኳ ላም ባልሆን ይርበኛል።

ወደ ሚቴኑ እንመለስ። ተሕዋስያኑ ሣሩን ሲያብላሉ ሃይድሮጅን ይተርፋቸዋል። ሃይድሮጅኑ ከተጠራቀመ ጠመቃው ይታነቃል፤ ስለዚህ ጋኑ ውስጥ ሃይድሮጅን ለቃሚዎች ይኖራሉ። አርኬያ ይባላሉ፤ ሃይድሮጅኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አጣምረው ሚቴን ያደርጉታል። ላሟ ታገሳዋለች። ብዙ ሰው በኋላ በኩል የሚወጣ ይመስለዋል፤ 95 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ግን በአፏ ነው። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል አየሩን ያሞቃል። ላሟም ከበላችው ጉልበት 6 በመቶ ገደማ ወደ ሰማይ አገሳችው ማለት ነው።

ቦቬር ለአንዲት ላም በቀን ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ሚቴን ሲሠራ የመጨረሻዋን ደረጃ የምትሠራ አንዲት ኢንዛይም አለች። የቦቬር ሞለኪውል መልኩ ኢንዛይሟ ከለመደችው ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ገብቶ ይሰነቀርባታል፤ ክብሪት እንጨት ተሰብሮ እንደቀረበት የቁልፍ ቀዳዳ ትሆናለች። ሚቴኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ግን ጉልበቱ ጥቂት ሰዓት ነው። ኢንዛይሟን ሲያቆም እሱም ይፈራርሳል፤ ከጉርሻ ጋር አብሮ ካልገባ ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው በረት ውስጥ ተቀላቅሎ ለሚቀርብ መኖ እንጂ መስክ ላይ ለምትግጥ ላም የማይመቸው።

«እና ወተቱ ውስጥ ይገባል?»

ይህን ሁሉ ያወራሁት እዚህች ጥያቄ ላይ ለመድረስ ነው። ያልፋል ወይስ አያልፍም? ቦቬርን በተመለከተ መልሱ አያልፍም ነው። ጨጓራው ውስጥ ፕሮፔንዳዮል ወደሚባል ተራ አልኮልና ወደ ጥቂት ናይትሬትና ናይትራይት ይፈርሳል። የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በዲሴምበር 2023 ፈቀደው፤ ወሬው ሲጋጋልም በዓመቱ ወጥቶ ወተቱ ውስጥ እንደማይገኝና ለመጠጣት እንደማያሰጋ ደገመው።

ቪዲዮው የቦቬርን ማስጠንቀቂያም ያሳያል፤ እሱስ? እሱ እውነት ነው። ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ አቧራውን አትሳቡ፣ የወንድን ዘር ሊጎዳ ይችላል የሚል ነው። የተጻፈው ግን ከረጢቱን ለሚከፍተው ሠራተኛ ነው። ሚጥሚጣ ሲፈጭ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ መቆም ይቻላል? ክትፎው ላይ ግን ቁንጥር ትደረጋለች። ምሳሌዬ ሙሉ አይደለም፤ ሚጥሚጣው ክትፎው ላይ ይደርሳል፣ ቦቬሩ ግን ብርጭቆው ድረስም አይመጣም።

የእንግሊዞቹን ፍርሃት ግን አልስቅበትም። እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ «መኖው ምንም አይልም» ተብለው ያዩትን አይተዋል። የታረደ ከብት አጥንትና ሥጋ ተፈጭቶ መልሶ ለላም ይሰጥ ነበር፤ ሣር በል የሆነችውን ሥጋ በል አደረጓት። የላም እብደት በሽታ በ1986 ተለየ፤ ያ መኖ በ1988 ለላም ተከለከለ። በሜይ 1990 የግብርና ሚኒስትሩ ጆን ገመር ሥጋው ደኅና ነው ለማለት ሴት ልጃቸውን ካሜራ ፊት በርገር ሊያጎርሱ ሞከሩ። በማርች 1996 መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አመነ። ያን ያየ ሕዝብ ኤጀንሲ «ደኅና ነው» ሲለው ቅንድቡን ቢያነሣ አይፈረድበትም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። ቦቬር የወተቱን መጠን ይህን ያህል አይጨምርም። ገበሬው አዋጣ ተብሎ የሚያዋጣው ለአየሩ ነው፤ ሒሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ገና አልተቆረጠም። ከዚያች ዋዜማ በኋላ ደግሞ፣ በ2025 መኸር ላይ፣ ዴንማርክ ውስጥ አንዳንድ ገበሬዎች ቦቬር መስጠት ከጀመርን ወዲህ ላሞቻችን ታመሙ ብለው አመልክተዋል። ያ የላሟ ጤና ጥያቄ ነው፤ በደንብ መመርመር ይገባዋል። ከወተቱ ጋር ግን አይደባለቅ።

«ይሄ የማያልፈው ነው፤» አሉ እትዬ፣ ቁሌቱን ለማማሰል እየተነሡ። «የሚያልፍ አለ ማለት ነው?»

አለ። አንደኛው የሚያልፈው በጎ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደርቢሻየር የሚባል አውራጃ አለ፤ እንቅርት ከመብዛቱ የተነሣ በሽታውን «የደርቢሻየር አንገት» ይሉት ነበር። ዛሬ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ያጠፋው የጤና ሚኒስቴር ዘመቻ አይደለም፤ በብዛት የላም መኖ ነው። ከ1930ዎቹ ወዲህ ገበሬዎች ላሟ እንድትወልድና እንድትታለብ ብለው መኖዋ ላይ አዮዲን ጨመሩ፤ አዮዲኑ ወደ ወተቱ አለፈ፤ ሕዝቡ ሳያውቀው አንገቱ ዳነ። ዛሬም ለብሪታንያ ሰው ዋናው የአዮዲን ምንጭ ወተት ነው፤ አንድ ብርጭቆ የአዋቂን የቀን ፍላጎት እስከ ግማሽ ገደማ ይሸፍናል። በክረምት ላሟ በረት ገብታ ማሟያ ስትበላ ወተቱ ውስጥ ያለው አዮዲን ይጨምራል። እትዬ ለጾም የሚገዙት የአጃ ወተት ግን አዮዲን ካልተጨመረበት ከዚህ የለበትም፤ ካርቶኑን ገልብጠን አየን፣ ካልሲየም እንጂ አዮዲን አልተጻፈበትም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የምንል ሕዝብ ይህን ልብ ብንል ደግ ነው።

ሁለተኛው የሚያልፈው ክፉ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፋብሪካ አልመጣም። ከኑግ ፋጉሎ ነው።

እትዬ ማማሰያውን አቆሙ። የኑግ ፋጉሎ ስሙን መስማት ለእሳቸው የናታቸውን በረት እንደ ማሽተት ነው። ፋጉሎ ማለት ኑጉ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው ነው፤ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ የአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት የሚታለበው በእሱ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ችግሩ እርጥበት ነው። ፋጉሎ ረጥቦ ሲከማች አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን ቢ1 የተባለ መርዝ ይሠራል። ላሟ ስትበላው ጉበቷ ኤም1 ወደሚባል ይለውጠውና ከፊሉ ወተቱ ውስጥ ይወጣል። ጉበት ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት አንዱ ነው። አዲስ አበባም ግቢ ያለው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ የምንለው፣ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ወስዶ መረመረ። ሁሉም ውስጥ ተገኘ። አውሮፓ ከፈቀደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም በታች የነበሩት 9 ብቻ ናቸው፤ 29ኙ አሜሪካ ከፈቀደው 0.5 እንኳ አለፉ። ጣቱ የተቀሰረው ኑግ ፋጉሎ ላይ ነው።

«ብናፈላውስ?»

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ አፍላቶክሲንን ግን አይነካውም። ደግነቱ ላሟ የሻገተውን መብላት ስታቆም በጥቂት ቀን ውስጥ ወተቷ ይጠራል። ዋናው መድኃኒት ፋጉሎውን ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ሌላው መድኃኒት፣ ስሙን ስነግራቸው እትዬን ያሳቃቸው፣ የመኖ ማሟያ ነው፤ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር። አንጀቷ ውስጥ መርዙን ይይዝና ከእበቷ ጋር ይዞት ይወጣል። እሱም አያልፍም።

እንግዲህ እዩት። ስሙ የኬሚካል የሆነው ዱቄት ጨጓራው ውስጥ ይቀራል፤ አያት ቅድመ አያታችን የሚያውቁት ፋጉሎ፣ ኑግ ብቻ የሆነው፣ ቀን ሲጥለው ብርጭቆ ድረስ ይመጣል። «ተፈጥሮ ነው ወይስ ኬሚካል ነው?» ብሎ የሚጀምር ሰው ሁለቱም ላይ ይሳሳታል።

ደብረ ብርሃን ያለች ያገር ዘር ላም ቦቬር ምን ያደርግላታል ብለውም ጠየቁኝ። ብዙም። የእንግሊዝ ላም በዓመት 8,000 ሊትር ገደማ ትሰጣለች፤ ያገራችን ላም በቀን ሁለት ሊትርም ብዙ ጊዜ አትሞላም። ለዚያች ሁለት ሊትር ግን ጭድ እያመሰኳች ቀኑን ሙሉ ስታገሳ ትውላለች፤ ስለዚህ በሊትር ሲሰላ ሚቴኗ ብዙ ነው። እሷን የሚለውጣት አሞሌ፣ በዩሪያ የታከመ ጭድ፣ ያልሻገተ ፋጉሎና በቂ ውኃ ነው። ወተቷ ሲጨምር ግሳቱ ለብዙ ሊትር ይካፈላል። ቅንጦቱ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

እትዬ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንዱን ሰማያዊ ክዳን አዞሩት፤ ቀለበቱ ቀጭ አለ። ወተቱን ድስት ውስጥ ገለበጡት፤ ሞቅ ሲል ሎሚውን ጨመቁበት፤ ነጩ ከቢጫው ተለየ።

«ይሄ አይብ አይደለም፣» አሉ በጨርቅ እያጠለሉ፣ «አይብ ከአሬራ ነው። ይሄ የአይብ ፎቶ ነው።» አጓቱን ግን አልደፉትም፤ ለነገው ዳቦ ማቡኪያ አስቀመጡት። አገር ቤት ቢሆን ለጥጃዋ ነበር።

እጃቸውን ጠርገው ስልኩን አነሡ። ቪዲዮውን ሊያጠፉት መስሎኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ላለችው እህታቸው ደወሉ። እንኳን አደረሰሽ ተባባሉ፤ ስለ በግ ዋጋ አወሩ፤ ከዚያ ድንገት፦

«ስሚ እስቲ፣ ያ ፋጉሎ የት ነው የምታስቀምጭው?»

«ጓዳ ነዋ፣ ርብራብ ላይ፤ ምን ሆንሽ?»

«ጣሪያው ያፈሳል ወይ?»

ከወዲያ በኩል ጥቂት ዝም ተባለ።

«ትንሽ ያፈሳል፤» አለች እህታቸው።